የአትባራ ሙላትና የቁጥር ትምህርት

ድምፅን፣ ምስልንና የመሣሪያን ልክ ወደ ቁጥር ለውጦ የሚመረምረውን የዲጂታል ሲግናል ትምህርት በዩኒቨርሲቲ የሚጀምር ተማሪ አስቀድሞ የሚያጋጥመው ረጅም የሒሳብ ቀመር ነው። ቀመሩ የተነሣበት ጥያቄ ግን ቀላል ነው፤ ይኸውም ዘወትር የሚለዋወጥ ነገር እውነተኛ ጠባዩ እንዲታወቅ በየስንት ጊዜው መታየት አለበት? የሚል ነው። ለዚህም የገዳሪፍና የምሥራቅ ሱዳን ጠረፍ ወንዞች መልካም ምሳሌ ይሆናሉ።

ጓንግና አንገረብ ከጎንደር አገር፣ ተከዜም ከላስታ ተራሮች ተነሥተው ወደ ሱዳን ይወርዳሉ። ተከዜ በዚያ ሰቲት ተብሎ ከአትባራ ጋር ይገናኛል። አትባራ በክረምት ከአፍ እስከ ገደፉ ይሞላል፤ በበጋ ግን እዚህም እዚያም ከሚቀሩት ኩሬዎች በቀር አሸዋ ብቻ ነው።

እንግሊዛዊው ተጓዥ ሳሙኤል ቤከር በ1861 ዓ.ም. (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ወደ ከሰላ ሲሄድ በዚሁ ደረቅ ወንዝ ዳር ሰፈረ። ጁን 23 ሌሊት ከሩቅ እንደ ነጐድጓድ ያለ ድምፅ ተሰማ፤ በአሸዋው ላይ ተኝተው የነበሩት ሰዎች እየጮኹ ወደ ዳር ሸሹ። ሲነጋ ወርዱ 450 ሜትር ያህል፣ ጥልቀቱም ከ4 ሜትር ተኩል እስከ 6 ሜትር የሚገመት ወንዝ በፊታቸው ይፈስ ነበር።

እንግዲህ የውሃውን ከፍታ በየቀኑ ጧት አንድ ጊዜ ብቻ የሚጽፍ ሰው በዚያ ስፍራ ቢኖር ኖሮ፣ መዝገቡ ትናንት ደረቅ፣ ዛሬ ሙሉ ከማለት አያልፍም ነበር። በየዓመቱ በበጋ አንድ ቀን ብቻ የሚያይም ወንዙ ከቶ አይፈስም ብሎ ይፈርዳል። በየ13 ወሩ የሚያይ ደግሞ ከዚህ የባሰ ይሳሳታል፤ ንባቡ በየጊዜው አንድ ወር እየገፋ ስለሚሄድ ወንዙ በ13 ዓመት አንድ ጊዜ የሚሞላ ይመስለዋል። እያንዳንዱ ቁጥር እውነት ሆኖ ሳለ የቁጥሮቹ ታሪክ ሐሰት ይሆናል ማለት ነው።

ይህን ጉዳይ ሊቃውንት በሕግ የወሰኑት በ20ኛው መቶ ዓመት ነው። ሃሪ ናይኲስት በ1928 ስለ ቴሌግራፍ መልእክት፣ ቭላዲሚር ኮተልኒኮቭ በ1933፣ ክሎድ ሻነንም በ1949 በጻፉት መሠረት፣ አንድ ሲግናል ሳይጠፋ በቁጥር እንዲያዝ ከውስጡ እጅግ ፈጣን የሆነው መለዋወጥ በአንድ ዙር ከሁለት ጊዜ በላይ መለካት ይገባዋል።

ነገር ግን አዘውትሮ መለካት ብቻ አይበቃም፤ ለረጅም ዘመን መለካትም ያስፈልጋል። በ1906 ወደ ግብፅ የሄደው ሃሮልድ ሃርስት የዓባይን የዘመናት ልክ መርምሮ በ1951 ባሳተመው ጽሑፍ፣ የጥጋብ ዓመታት ከጥጋብ፣ የድርቅ ዓመታትም ከድርቅ ጋር ተያይዘው እንደሚመጡ፣ ስለዚህም የውሃ ማከማቻ ከተገመተው በላይ ሰፊ ሊሆን እንደሚገባ አሳየ። ማንደልብሮትና ዎሊስ በ1968 ይህን ጠባይ፣ ሰባቱን የጥጋብና ሰባቱን የራብ ዓመታት አስበው፣ በዮሴፍ ስም ጠሩት።

የነገሩ ክብደት በጠረፉ ይታያል። በ1964 በአትባራ ላይ የኸሽም ኤል ጊርባ ግድብ ተፈጽሞ፣ በአስዋን ግድብ ምክንያት ከዋዲ ሐልፋ የተነሡት 50,000 ያህል ኑቢያውያን በውሃው እንዲያርሱ ሰፈሩ። ደለል ግን የማከማቻውን ግማሽ ያህል በላው። በ2017ም በላይኛው አትባራና በሰቲት ላይ የሩሜላና የቡርዳና ግድቦች ተመረቁ። የግድብ በር መቼ እንደሚከፈትና መቼ እንደሚዘጋ የሚወስን ሰው የሚመካው በቁጥር ነው፤ ቁጥሩም ጊዜውን ሳይጠብቅ የተነበበ እንደ ሆነ ዕዳው በታች ባለው ገበሬ ላይ ይወድቃል።

ስለዚህ መምህር ቀመሩን በሰሌዳ ላይ ከመጻፉ በፊት ተማሪዎቹን ወደ ወንዝ ዳር በሐሳብ ይዟቸው ቢሄድ መልካም ነው። በዚያች የጁን ሌሊት በአሸዋው ላይ የተኙት ሰዎች የዳኑት ድምፁን በጊዜው የሰማ ጆሮ ስለ ነበረ ነውና።