ብርድ፣ አልሙኒየምና የብየዳ መስመር

ስለ ብረትና ስለ እሳት ብዙ ብለናል፤ ብረት እንደጋለ ይቀጠቀጣል እንላለን። ስለ ብረትና ስለ ብርድ ግን ሲተረት ሰምቼ አላውቅም። የሰው ልጅ ይህን ትምህርት የቀሰመው ዘግይቶ ነው፤ ያውም በሕይወት ዋጋ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኦክቶበር 20 ቀን 1944 በአሜሪካዋ ክሊቭላንድ ከተማ ፈሳሽ የተፈጥሮ ጋዝ የያዘ ትልቅ ታንክ ተቀደደ። ጋዙ ፈሳሽ ሆኖ የሚቆየው ከዜሮ በታች 160 ዲግሪ ገደማ ሲቀዘቅዝ ነው። የወጣው ጋዝ በየመንገዱና በየፍሳሽ ቦዩ ገብቶ ተቀጣጠለና 130 ያህል ሰዎች አለቁ። መርማሪዎች ጣታቸውን ከቀሰሩባቸው ነገሮች አንዱ ታንኩ የተሠራበት ጥቂት ኒኬል ያለበት ብረት ነበር። እንዲህ ያለው ብረት በዚያ ብርድ መተጣጠፉን ትቶ እንደ ሸክላ ይሰበራል።

አልሙኒየም ግን ሌላ ጠባይ አለው። የአተሞቹ አደራደር በብርድም ቢሆን አንዱ ንብር በሌላው ላይ እንዲንሸራተት ስለሚፈቅድ በድንገት አይሰበርም፤ እንዲያውም ጥንካሬው ይጨምራል። በ1959 መጀመሪያ ሚቴን ፓዮኒር የተባለችው መርከብ ፈሳሽ ጋዝ ጭና ከሉዊዚያና ወደ እንግሊዝ አገር አትላንቲክን ስታቋርጥ፣ ጋዙ የተቀመጠው በአልሙኒየም ታንኮች ውስጥ ነበር።

ሰውን ወደ ጨረቃ ያደረሰው የሳተርን 5 ሮኬት መሐንዲሶች ደግሞ ብርዱን አጋር አደረጉት። የሁለተኛው ክፍል ታንክ ከዜሮ በታች 253 ዲግሪ የቀዘቀዘ ፈሳሽ ሃይድሮጅን ይይዛል። መሐንዲሶቹ የብርድ መከላከያውን ከታንኩ ውጭ ለበጡት። አልሙኒየሙ ራሱ እንዲቀዘቅዝና እንዲጠነክር፣ በዚያውም ግድግዳው እንዲሳሳና ክብደት እንዲቀንስ ነበር።

ታዲያ ችግሩ የቱ ላይ ነው? ብየዳው ላይ። እሳቱ ባለፈበት መስመር ቅይጡ በፋብሪካ ያገኘውን ጥንካሬ ያጣል። የቀለጠው ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፤ በአጠገቡ ያለው ያልቀለጠ ብረት ግን ስለሚይዘው ውጥረት በውስጡ ታምቆ ይቀራል። በ1967 በካሊፎርኒያ በመሠራት ላይ በነበረ አንድ ሁለተኛ ክፍል ብየዳ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ስንጥቆች ተገኙ። በዚህ ሳቢያ ለአፖሎ 4 ጉዞ ተገጣጥሞ የቆመው ሮኬት ተፈትቶ ብየዳው ተመረመረ። ሮኬቱ ኖቬምበር 9 ቀን በሰላም ተነሣ።

ውጥረቱን በብርድ የማርገብ ሐሳብም የመጣው በዚያው ዘመን ነው። በ1960 ገደማ የአሜሪካው አልኮዋ ኩባንያ ተመራማሪዎች አልሙኒየምን በፈሳሽ ናይትሮጅን ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ያቀዘቅዙና ወዲያው ኃይለኛ እንፋሎት ይለቁበት ነበር። ድንገተኛው ሙቀት ቀድሞ ከታመቀው ጋር የሚቃረን ውጥረት ስለሚፈጥር፣ አንዱ ሌላውን ያረግበዋል። ከእነርሱ በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች በጥልቅ ብርድ ማከሙን በተበየደ አልሙኒየም ላይም ሞክረውታል። ሆኖም ብርድ የተሰነጠቀ ብየዳ አይደፍንም፤ የበያጁን ጥንቃቄና የራጅ ምርመራውንም አይተካም።

እኔን ከዚህ ታሪክ የሚገርመኝ የሮኬቱ ግዝፈት አይደለም። ተነሥቶ ለመብረር የተዘጋጀን ያን ሁሉ ሥራ፣ ሌላ ቦታ ለታየ የፀጉር ስንጥቅ ሲሉ መፍታታቸው ነው። ክሊቭላንድ ያንን ዕድል አላገኘችም።