በወረዳ ካርታ ዝግጅት የመለኪያ መነሻን ማረጋገጥ ከቀለም ምርጫ ይቀድማል

የመልክዓ ምድር መረጃን በኮምፒውተር አቀናብሮ ካርታ የማዘጋጀት ሥራ በመሬት አስተዳደር፣ በውሃ፣ በጤናና በግብርና መሥሪያ ቤቶች የዕቅድና የውሳኔ መሣሪያ ሆኖ ያገለግላል። ለዚሁ ተግባር ከሚውሉት ሶፍትዌሮች መካከል ኢዝሪ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የሚያቀርበው አርክ ጂ.አይ.ኤስ. እና እ.ኤ.አ. በ2002 የተጀመረውና ያለ ክፍያ የሚገኘው ኪው ጂ.አይ.ኤስ. በስፋት ይታወቃሉ።

ሶፍትዌሮቹ መረጃውን በንብርብር ይይዛሉ። የውሃ ተቋም በነጥብ፣ መንገድና ወንዝ በመስመር፣ ማሳና ቀበሌ ደግሞ በዝግ ቅርጽ ይመዘገባሉ። ንብርብሮቹ በትክክል የሚገጣጠሙት ግን እያንዳንዳቸው የተለኩበት መነሻ ለሶፍትዌሩ በትክክል ሲገለጽ ብቻ ነው። ይህ መነሻ በሙያው ዳተም ይባላል።

በኢትዮጵያ ሁለት መነሻዎች ጎን ለጎን ይገኛሉ። የቀድሞው የኢትዮጵያ ካርታ ሥራዎች ድርጅት ለረጅም ዓመታት ያሳተማቸው የ1:50,000 ካርታዎች የተመሠረቱት አዲንዳን በተባለው መነሻ ሲሆን፣ ስያሜውም በደቡብ ግብጽ ከሱዳን ወሰን አቅራቢያ ከነበረ የቅየሳ ነጥብ የተወሰደ ነው። በእጅ የሚያዙ የጂ.ፒ.ኤስ. መሣሪያዎች በአንጻሩ ደብሊው.ጂ.ኤስ. 84 በተሰኘው ዓለም አቀፍ መነሻ ይሠራሉ።

የሁለቱ ልዩነት በሰሜን ሸዋ ዞን የምንጃር ሸንኮራ ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው አረርቲ በግልጽ ሊታይ ይችላል። ከተማዋ ከ39 ዲግሪ ኬንትሮስ በጥቂቱ በምሥራቅ የምትገኝ በመሆኗ በዩ.ቲ.ኤም. አከፋፈል በዞን 37 ሰሜን ውስጥ ትካተታለች። በዚህ ዞን አንድ ቦታ በጂ.ፒ.ኤስ. ሲለካ የሚገኘው ቁጥር በአዲንዳን ካርታ ላይ ካለው ቁጥር ወደ ምሥራቅ 100 ሜትር ገደማ፣ ወደ ሰሜን ደግሞ 200 ሜትር ገደማ ይበልጣል። ቁጥሩ ሳይቀየር በቀጥታ በካርታው ላይ ከተቀመጠ ቦታው ወደ ሰሜን ምሥራቅ ተገፍቶ ይታያል።

ግማሽ ሄክታር ስፋት ያለው አራት ማዕዘን ማሳ ጎኑ 70 ሜትር ያህል ነው። በዚህ ስሌት የአንድ አርሶ አደር ማሳ በካርታው ላይ ሦስት ማሳ ያህል ተሻግሮ በሌላ ባለይዞታ መሬት ላይ ሊያርፍ ይችላል። በአማራ ክልል በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የመጀመሪያ ደረጃ የይዞታ ምዝገባ በገመድ ልኬትና በጎረቤት ምስክርነት ላይ የተመሠረተ ነበር። በሁለተኛው ደረጃ የማሳው ቅርጽ በካርታ ተደግፎ ስለሚሰጥ ስህተቱ የባለይዞታውን መብት በቀጥታ ይነካል። ወረዳው በደቡብና በምዕራብ ከኦሮሚያ ክልል ጋር የሚዋሰን መሆኑም ጥንቃቄውን ይበልጥ አስፈላጊ ያደርገዋል።

ስህተቱን ለማስወገድ ሁለት ተግባራትን ለይቶ ማወቅ ይገባል። የመጀመሪያው መረጃው በየትኛው መነሻ እንደተለካ ለሶፍትዌሩ ማሳወቅ ሲሆን፣ ይህ ቁጥሮቹን አይለውጥም። ሁለተኛው መረጃውን ከአንዱ መነሻ ወደ ሌላው ማዛወር ነው፤ በዚህ ጊዜ ቁጥሮቹ በስሌት ይለወጣሉ። በዞን 37 ሰሜን የአዲንዳን መለያ ቁጥር 20137፣ የደብሊው.ጂ.ኤስ. 84 ደግሞ 32637 ነው። ማዛወር ሲገባው መለያውን ብቻ የቀየረ ባለሙያ ስህተቱን ያጸናዋል።

ሼፕፋይል በመባል የሚታወቀው የመረጃ ዓይነት ከአንድ በላይ ፋይሎችን የያዘ ነው። መነሻው የሚመዘገበው ፒ.አር.ጄ. በሚል ቅጥያ በሚታወቀው ፋይል ውስጥ በመሆኑ፣ መረጃው በፍላሽ ሲገለበጥ ይህ ፋይል ከቀረ ተቀባዩ መሥሪያ ቤት መነሻውን የሚያውቅበት መንገድ አይኖረውም። የቀበሌ ስሞችም በዩኒኮድ ካልተጻፉ በሌላ ኮምፒውተር ላይ የማይነበቡ ምልክቶች ሆነው ይታያሉ።

መነሻው ከተረጋገጠ በኋላ የቀለም ምርጫው ይከተላል። ቀበሌዎችን በቀለም ድምቀት ለማነጻጸር ጠቅላላ የጤፍ ምርትን ሳይሆን በሄክታር የተገኘውን ምርት መጠቀም ይመረጣል፤ አለበለዚያ ሰፊ ማሳ ያለው ቀበሌ ምርታማነቱ ዝቅተኛ ቢሆንም እጅግ ደምቆ ይታያል። ካርታው መስፈርት፣ የምልክቶች መግለጫ፣ የሰሜን አቅጣጫ፣ የመረጃው ዘመንና የመለኪያው መነሻ ሊጻፍበት ይገባል።

ካርታው ለውሳኔ ከመቅረቡ በፊት የታወቀ የመንገድ መገናኛ ወይም ድልድይ በጂ.ፒ.ኤስ. ተለክቶ ከካርታው ጋር ማመሳከር አነስተኛ ወጪ የሚጠይቅ ማረጋገጫ ነው። ልዩነቱ 200 ሜትርና ከዚያ በላይ ሆኖ ወደ አንድ አቅጣጫ ካዘነበለ አስቀድሞ ሊመረመር የሚገባው የመለኪያው መነሻ ነው።