አንድ የቤተሰብ ስም በባሕርና በምድር ጦር፦ የስዊድን ኤረንስቬርዶች

በአውሮፓ ታሪክ መጻሕፍት የሚገኙ የሰዎች ስሞች ለኢትዮጵያዊ ተማሪ ግር የሚሉበት ጊዜ አለ። በኢትዮጵያ ልማድ ከመጠሪያ ስም ቀጥሎ የሚመጣው የአባት ስም በመሆኑ በየትውልዱ ይለወጣል። በስዊድን መኳንንት ዘንድ ግን የቤተሰብ ስም ሳይለወጥ ከአያት ወደ ልጅ ልጅ ይተላለፋል። መጠሪያው ስም ጭምር ሲደጋገም በተለያየ ዘመን የኖሩ ሰዎች እንደ አንድ ሰው ይቆጠራሉ፤ ወይም የአንዱ ሥራ ለሌላው ይሰጣል። የኤረንስቬርድ ቤተሰብ ታሪክ ለዚህ ዓይነተኛ ምሳሌ ነው። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስሙ የመጣው ከማዕርግ ጋር ነው። ሼፈር ይባል የነበረው የመድፈኛ መኮንን ዮሐን ያኮብ በ1717 ከመኳንንት ወገን ሲመደብ ኤረንስቬርድ ተባለ፤ ትርጉሙም የክብር ሰይፍ እንደ ማለት ነው። ልጁ አውጉስቲን (1710–1772) የአባቱን ሙያ ተከተለ። ስዊድን ከ1741 እስከ 1743 ከሩሲያ ጋር ባደረገችው ጦርነት ተሸንፋ ከፊንላንድ ምሥራቃዊ ክፍል ከፊሉን ስላጣች፣ የቀረውን ለመከላከል በሄልሲንኪ ፊት ለፊት ባሉት ደሴቶች ላይ የስቬአቦርግ ምሽግ እንዲሠራ ተወሰነ። በ1748 የተጀመረውን ሥራ የመራው አውጉስቲን ነበር።

ይሁን እንጂ ምሽግ ብቻውን የባሕሩን ዳርቻ ሊጠብቅ አይችልም። የፊንላንድ ዳርቻ በብዙ ትናንሽ ደሴቶች የተሞላ፣ ውኃውም ጥልቀት የሌለው በመሆኑ ታላላቅ የጦር መርከቦች እንደ ልብ አይንቀሳቀሱበትም። ስለዚህ በመቅዘፊያም የሚሄዱ፣ መድፍ የተጫነባቸው ቀላል መርከቦች ያሉት ክፍል በ1756 ተቋቋመ፤ የበላይ አመራሩም ለምድር ጦር ተሰጠ። የመድፈኛው መኮንን አውጉስቲን የመርከቦች አዛዥ ለመሆን የበቃው በዚህ ምክንያት ነው። ቤተሰቡን ከባሕር ጋር ያገናኘው የዘር ተሰጥዎ ሳይሆን የመከላከያው አደረጃጀት ነበር ማለት ነው።

የአውጉስቲን ልጅ ካርል አውጉስት (1745–1800) በአባቱ መንገድ ሄዶ የአድሚራልነት ማዕርግ አገኘ። ነገር ግን ነሐሴ 24 ቀን 1789 በስቬንስክሱንድ በተደረገው ውጊያ እርሱ ያዘዘው የመርከብ ክፍል በሩሲያ ድል ሆነ። በዚያው ሥፍራ በሐምሌ 1790 ስዊድን ታላቅ ድል ስትቀዳጅ እርሱ በአዛዥነት አልነበረም። ካርል አውጉስት በሌላ በኩል ሠዓሊና ስለ ኪነ ጥበብ የጻፈ ሰው በመሆኑ፣ በስዊድን የባህል ታሪክ የያዘው ቦታ ከውጊያው ታሪክ የላቀ ነው።

በ1790 ድል ከፍተኛ ድርሻ የነበረው ካርል ኡሎፍ ክሮንስቴድት በ1808 የስቬአቦርግ አዛዥ ሳለ ምሽጉን ለሩሲያ አስረከበ። በ1809ም ስዊድን መላውን ፊንላንድ አጣች። አባት የሠራው ምሽግ፣ ልጅ የተሸነፈበትን ውኃ በድል የተሻገረ ሌላ መኮንን በቆመበት ጊዜ ወደቀ። ከዚህ የሚታየው ስምም ሆነ የቀድሞ ድል ለሚመጣው ጊዜ ዋስትና አለመሆኑ ነው።

በ20ኛው ክፍለ ዘመንም ስሙ ተደገመ። አድሚራል ካርል አውጉስት (1858–1944) የባሕር ኃይል ሚኒስትር ሆኖ ሲያገለግል፣ በዚሁ ስም የተጠራው ልጁ (1892–1974) የምድር ጦርን መረጠ። ይህ ልጅ በ1940 በፊንላንድ የስዊድን በጎ ፈቃደኞች ጦር ኤታ ማዦር ሹም ነበር። ከዚያው ጦር አዛዦች አንዱ ቫይኪንግ ታም ሲሆን፣ እርሱም ከፋሺስት ወረራ በፊት በሆለታ ገነት የጦር ትምህርት ቤት የኢትዮጵያ ዕጩ መኮንኖችን ያሠለጠነ ነው። ካርል አውጉስት ከ1948 እስከ 1957 የስዊድን ምድር ጦር አዛዥ ሆነ።

እንግዲህ ካርል አውጉስት ኤረንስቬርድ የሚለው ስም ብቻውን ቢያንስ ሦስት መኮንኖችን ያመለክታል፤ ሁለቱ የባሕር፣ አንዱ የምድር። የታሪክ መምህር እንዲህ ያለ ስም ሲያጋጥመው የልደት ዓመቱን፣ የጦር ክፍሉንና የፈጸመውን ተግባር አስቀድሞ እንዲለይ ተማሪውን ማስለመድ ይገባዋል። የመኳንንት ወገን መሆን የመኮንንነትን በር እንደሚከፍት ግልጽ ነው፤ በሩን ካለፉ በኋላ የተሠራውን ግን እያንዳንዱ በየራሱ ሊመዘንበት ይገባል።