ስለ ሳንቶሪኒ ደሴትና ጎብኚ ስለማያዘወትራቸው ሥፍራዎቿ

አፄ ካሌብ ወደ ሂምያር ለመዝመት በሚሰናዱበት ጊዜ፣ በ6ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ፣ ኮስማስ የሚባል አንድ የእስክንድርያ ነጋዴ በአዱሊስ ወደብ ከነበረ የጥንት ድንጋይ ላይ የግሪክ ጽሑፍ ገለበጠ። ይህንንም ያደረገው የአዱሊስ ገዢ ግልባጩን ለንጉሡ እንዲልክ ታዞ ስለ ነበረ መሆኑን ራሱ ኮስማስ በመጽሐፉ ተርኮልናል። ድንጋዩ ጠፍቶአል፤ ግልባጩ ግን ተርፎአል። በዚያም ጽሑፍ ውስጥ የግብፅ ንጉሥ የነበረው 3ኛው በጥሊሞስ ከአባቱ የወረሳቸውን አገሮች ሲቈጥር ግብፅን፣ ሊቢያን፣ ሶርያን፣ ፊንቄንና ቆጵሮስን፣ ሌሎችንም ከጠራ በኋላ የኪክላዴስን ደሴቶች ይጠራል፤ ቀጥሎም ከኢትዮጵያ ምድር ስለ ተያዙ የጦር ዝሆኖች ይናገራል። ዛሬ ልንጽፍላት የተነሣነው ሳንቶሪኒ ከእነዚህ ከኪክላዴስ ደሴቶች አንዲቱ ናት። ስለዚህ ለብዙዎቻችን የሩቅ አገር ብትመስልም፣ ከእኅቶቿ ጋር የምትጠራበት ስም ዛሬ ኤርትራ በሆነው የቀይ ባሕር ጠረፍ በድንጋይ ተቀርጾ ከ700 ዓመት በላይ ቆይቶ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

ሳንቶሪኒ ከአቴና በስተ ደቡብ ምሥራቅ በኤጅያን ባሕር ውስጥ የምትገኝ እንደ ጨረቃ የጎበጠች ደሴት ናት። የጥንት ስሟ ቴራ ሲሆን፣ የዛሬውን ስሟን ያወጡላት በመካከለኛው ዘመን ከምዕራብ የመጡ ላቲኖች ናቸው፤ ትርጓሜውም ቅድስት ኢሬኒ ማለት ነው። በጎበጠው ወገን በኩል እስከ 300 ሜትር የሚደርስ ገደል ወደ ባሕር ይወርዳል፤ ከገደሉ ግርጌ ያለውም ባሕር የእሳተ ገሞራ አፍ ነው። ይህንን ገደልና በላዩ የተሠሩትን ነጫጭ ቤቶች ለማየት በ2023 ዓ.ም. ብቻ ከ3 ሚሊዮን በላይ እንግዳ ወደ ደሴቲቱ እንደ መጣ ተነግሮአል፤ የደሴቲቱ ነዋሪ ግን ከ15 ሺህ እምብዛም አይበልጥም። እንግዳው አብዛኛውን ጊዜ ኢያ ወደምትባለው መንደር ሄዶ የፀሐይን መግባት ይመለከታል፤ በማግሥቱም ይሄዳል። ፀሐይ ስትገባ ማየት የሚያስነቅፍ ነገር አይደለም። ሆኖም ይህ እንግዳ ሳያያቸው የሚያልፋቸው ሥፍራዎች አሉ፤ ደሴቲቱም ልጆቿን በየዘመኑ እንዴት እንዳባረረችና እነርሱም እንዴት እየተመለሱ እንደ ኖሩባት የሚናገሩት እነዚያ ናቸው።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1600 ዓመት ገደማ በደሴቲቱ ላይ ታላቅ ፍንዳታ ሆነ። አመዱና እንደ ሰፍነግ የተቦረቦረው ቀላል ድንጋይ ምድሩን ሁሉ በብዙ ሜትር ከፍታ ሸፈነው። በ1967 ዓ.ም. ማሪናቶስ የተባለው ግሪካዊ ሊቅ መቈፈር የጀመራት የአክሮቲሪ ከተማ ከዚህ አመድ በታች ነበረች፤ ቤቶቿ እስከ ሁለትና ሦስት ፎቅ፣ የግድግዳ ሥዕሎቿም ከነቀለማቸው ተገኙ። ነገር ግን በፍንዳታው ተይዞ የሞተ ሰው አስከሬን በመንደሮቿ ውስጥ አልተገኘም። ሕዝቡ አስቀድሞ ምድር ስትንቀጠቀጥ አይቶ ወጥቶአል። ወዴት እንደ ሄደ የሚናገር ጽሑፍ የለም።

አክሮቲሪን ብዙ ሰው ያውቃታል። ከዚህች ከተማ ከመቶ ዓመት በፊት የተገኘውን የቴራሲያን ቤት ግን የሚያነሣው ጥቂት ሰው ነው። ቴራሲያ ከእሳቱ አፍ ማዶ ያለች ትንሽ ደሴት ስትሆን፣ በጥቂት ደቂቃ የጀልባ ጉዞ ትደረስባለች። በ1860ዎቹ ዓመታት የስዊዝ ቦይ በሚቈፈርበት ጊዜ የቴራሲያ አመድ ታላቅ ዋጋ አገኘ፤ ይኸውም ይህ አመድ ከኖራ ጋር ሲደባለቅ በውሃ ውስጥ ሳይቀር የሚጠነክር ስለ ሆነ ነው። ለወደብ ሥራ አመዱን እየቈፈሩ በመርከብ ሲጭኑ ሠራተኞቹ በታች በኩል ከሚያስቸግራቸው የድንጋይ ክምር ደረሱ። ክምሩ የሰው ቤት ግድግዳ ነበረ። በ1866 ዓ.ም. እሳቱ በባሕሩ መካከል እንደገና ተነሥቶ ስለ ነበረ ያንን ለማጥናት የመጣው ፉኬ የተባለ የፈረንሳይ ሊቅ ቤቱን መረመረው፤ በውስጡም እህል የተከተተባቸው ማሰሮዎችና ቤቱ ተንዶ የተጫነው የአንድ ሽማግሌ አጽም እንደ ተገኘ ጻፈ። ሌላው ሁሉ ሲሸሽ እርሱ ለምን እንደ ቀረ፣ እምቢ ብሎ ይሁን ወይም የሚደግፈው አጥቶ፣ ማንም ሊነግረን አይችልም። እኛ ግን ስለ ሳንቶሪኒ ካነበብነው ሁሉ ይህን ሰው ያህል ከልባችን ያልወጣ የለም። ቀይ ባሕርን ከሜዲትራኒያን ባሕር ያገናኘው ቦይ በ1869 ዓ.ም. ሲከፈት፣ ከወደቡ ሥራ አንዱ ክፍል የዚያን ሽማግሌ መቃብር ከነበረው አመድ የተሠራ ነበረ። ዛሬ በቴራሲያ የሚኖረው ሕዝብ ጥቂት መቶ ብቻ ነው። አግሪሊያ የምትባለው መንደሯ ከአመዱ ግንብ ውስጥ እንደ ዋሻ ተፈልፍለው የተሠሩ ቤቶች ነበሩባት፤ አሁን ባዶዋን ትገኛለች።

ከአክሮቲሪ ሰዎች በኋላ ደሴቲቱ ለብዙ ዘመን ሰው ሳይሰፍርባት ኖራ፣ በኋላ ከስፓርታ የመጡ ግሪኮች ሰፈሩባት። ከተማቸውን የሠሩት ከባሕር በላይ ከ360 ሜትር በሚበልጥ፣ ሜሳ ቩኖ በሚባል የኖራ ድንጋይ ተራራ ላይ ነው። ወደዚህ ሥፍራ የሚያወጣው መንገድ ጠመዝማዛና ነፋሻ በመሆኑ ጎብኚው አይበዛበትም። የወጣ ሰው ግን በዓለቱ ላይ ከግሪክ ፊደል እጅግ ጥንታዊ ከሆኑት ጽሕፈቶች አንዳንዶቹን ያያል፤ ጎበዛዝት የተጫወቱበትን አደባባይም ይረግጣል።

ሄሮዶቱስ እንደ ተረከው በዚህች ከተማ ዘመን ዝናም ለሰባት ዓመት ጠፋ፤ በደሴቲቱም ከነበረው ዛፍ አንድ ብቻ ሲቀር ሌላው ሁሉ ደረቀ። የዴልፊ ጣዖት ጠንቋይ አስቀድማ ወደ ሊቢያ ሄዳችሁ ከተማ ሥሩ ብላቸው ነበር፤ እነርሱም ሊቢያ ወዴት እንደ ሆነች እንኳ ስለማያውቁ ነገሩን ትተውት ነበር። አሁን ግን ረኃብ ስላስገደዳቸው ከወንድማማቾች መካከል በዕጣ አንዱን እየለዩ፣ ባቶስ የተባለውን ሰው አለቃ አድርገው በሁለት መርከብ ሰደዱአቸው። የተሰደዱት ጥቂት ተጉዘው መመለስ ቢፈልጉ የገዛ ወገኖቻቸው ከዳር ቆመው እየወረወሩ ወደ ምድር እንዳይወርዱ ከለከሏቸው። ወንድም በወንድሙ ላይ እጁን ያነሣው በጥላቻ አልነበረም፤ እህሉ ለሁለቱ አይበቃም ነበርና ነው። በዚህ አኳኋን የወጡት ሰዎች ከክርስቶስ ልደት በፊት በ630 ዓመት ገደማ በአፍሪካ ጠረፍ የሠሩአት ከተማ ቀሬና ናት። የጌታችንን መስቀል የተሸከመው ስምዖን የቀሬና ሰው እንደ ነበረ ወንጌልን የሚያነብ ሁሉ ያውቃል፤ የከተማይቱ መሠረት በዚህ ነፋሻ ተራራ ላይ በተጣለ ዕጣ እንደ ሆነ ግን የሚያስታውሰው ጥቂት ነው።

ይኸው ከተማ ኋላ የበጥሊሞሳውያን የጦር ሰፈር ሆነ። መርከቦቻቸው በኤጅያን ባሕር የሚጠለሉበት ወደብ ስላስፈለጋቸው፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ3ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ጀምሮ እስከ 145 ዓመት ድረስ ወታደሮቻቸው በዚህ ተቀመጡ። በመጀመሪያ የጠቀስነው የአዱሊስ ድንጋይ በተቀረጸበት ዘመን፣ ያው ንጉሥ በአንድ በኩል ዝሆን አዳኞችን ወደ ቀይ ባሕር፣ በሌላ በኩል ወታደሮችን ወደ ቴራ ይልክ ነበር ማለት ነው። ከበጥሊሞሳውያን አገልጋዮች አንዱ፣ አርጤሚዶሮስ የሚባል የጰርጌን ሰው፣ ወደ አገሩ ሳይመለስ በቴራ ቀረ፤ በመንገዱ ዳር ከዓለቱ ላይ ንስር፣ አንበሳና ዶልፊን አስቀርጾ የራሱንም መልክ ጨመረበት። እስከ ዛሬ ይታያል። ከየአገሩ የመጣ ወታደር ብዙ ነበር፤ በዚህች ደረቅ ምድር መልኩን ትቶ የቀረው ግን ይህ አንድ ሰው ነው።

እሳቱ ከዚያ ወዲህ አልተኛም። በ726 ዓ.ም. በበጋ ወራት በባሕሩ መካከል በተነሣ ጊዜ ተንሳፋፊው ድንጋይ እስከ ታናሽ እስያ ዳርቻ ደረሰ። ቴዎፋኒስ የተባለው የታሪክ ጸሐፊ እንደሚለው፣ የቁስጥንጥንያው ንጉሠ ነገሥት ሊዮን ይህን የእግዚአብሔር ቍጣ ነው ብሎ ተረጐመው፤ የቍጣውም ምክንያት ሕዝቡ ለቅዱሳን ሥዕል መስገዱ መስሎት በሥዕላቱ ላይ ተነሣ። ቤተ ክርስቲያንን ከመቶ ዓመት በላይ ያወከው የሥዕል ጠብ ከዚህ በቀር ሌላም ብዙ ምክንያት ነበረው። ዳሩ ግን ከዚህች ትንሽ ደሴት የተነሣ ጢስ በንጉሥ አሳብ ውስጥ ገብቶ ያደረገውን ስናይ ያስደንቀናል። በ1650 ዓ.ም. ደግሞ ከደሴቲቱ በስተ ሰሜን ምሥራቅ ከባሕር በታች ኮሎምቦ የሚባለው ገሞራ ፈንድቶ መርዘኛው ጢስ 70 የሚያህሉ ሰዎችንና ብዙ ከብት ገደለ።

ሕዝቡ ግን ይህንኑ አመድ ያርሰዋል። አመዱ በሌሊት ከባሕር የሚመጣውን ጉም ጠጥቶ ስለሚይዝ ወይኑ ያለ መስኖ ይበቅላል። ገበሬዎቹም ነፋሱ ፍሬውን እንዳይመታው ሐረጉን በምድር ላይ እንደ ቅርጫት እየጠመዘዙ ያሳድጉታል፤ ዘለላው በቅርጫቱ ውስጥ ተሸሽጎ ይበስላል። ይህን የወይን ቦታ መኪናው ሁሉ እያለፈው ይሄዳል፤ ከሩቅ ሲያዩት የተጣለ ጭራሮ ይመስላልና።

ሐምሌ 9 ቀን 1956 ዓ.ም. ጎሕ ሲቀድ ብርቱ የምድር መንቀጥቀጥ መጣ። 53 ሰዎች ሞቱ፤ ብዙ ሺህ ቤት ፈረሰ ወይም ተሰነጠቀ፤ ብዙ ቤተሰብም ወደ አቴናና ወደ ሌላ ሥፍራ ፈለሰ። በቅርቡም በ2025 ዓ.ም. በጥርና በየካቲት ወራት ምድር በሺህ የሚቈጠር ጊዜ ስትንቀጠቀጥ ከ11 ሺህ በላይ ሰው በመርከብና በአውሮፕላን ደሴቲቱን ለቆ ወጣ። ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፣ መንገዱም ጭር አለ። ሊቃውንቱ በኋላ መርምረው ነገሩ ከምድር በታች የቀለጠ ድንጋይ በመንቀሳቀሱ የመጣ መሆኑን አስረዱ። ፍንዳታ አልሆነም፤ መንቀጥቀጡ ሲበርድ ሕዝቡ ተመለሰ።

ሜሳ ጎኒያ የምትባለው መንደር ከ1956ቱ መንቀጥቀጥ በኋላ ነዋሪዎቿ የተዉአት ናት። አንዳንድ ቤት በኋላ ቢታደስም ብዙው ጣራው ተንዶ፣ የወይን መጭመቂያውም ሣር በቅሎበት ይገኛል። ከመንደሪቱ በላይ በኮረብታው ላይ ኤጲስቆጲ የምትባለው የእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን አለች። በ11ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በንጉሠ ነገሥት አሌክስዮስ ኮምኔኖስ ዘመን እንደ ተሠራች ይነገራል። ላቲኖች ደሴቲቱን በያዙ ጊዜ ወስደዋት ስለ ነበረ፣ በኦርቶዶክሳውያንና በካቶሊካውያን መካከል ብዙ ዘመን ስታከራክር ኖራለች። በየዓመቱ ነሐሴ 15 ቀን የእመቤታችን የፍልሰቷ በዓል በዚህች ቤተ ክርስቲያን ይከበራል። በዚያን ዕለት ከየመንደሩ የመጣው ሕዝብ በባዶዎቹ ቤቶች መካከል አልፎ ወደ ኮረብታው ይወጣል፤ ከቅዳሴም በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ማዕድ ቀርቦ ሁሉም አብሮ ይበላል።