የአንድ ብርቅ ሽጉጥ ዋጋ

የጥንት ዕቃ ዋጋው በምን ይመዘናል ተብሎ ቢጠየቅ፥ ብዙ ሰው «በብርቅነቱ ነዋ» ብሎ ይመልሳል። ብርቅነት ዋጋ እንደሚጨምር አንክድም፤ ዳሩ ግን ብቻውን እንደማይበቃ በአሜሪካ አገር የተሠራው የዎከር ኮልት ታሪክ ያስረዳናል። ዓመታቱን የምንጠቅሰው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ሳሙኤል ኮልት የመጀመሪያው የሽጉጥ ፋብሪካው በ1842 ከተዘጋ በኋላ ሥራው ተቋርጦበት ሳለ፥ በ1846 በአሜሪካና በሜክሲኮ መካከል ጦርነት ተነሣ። በቴክሳስ ፈረሰኞች ዘንድ የኮልትን ሽጉጥ ይዞ የተዋጋው ሻምበል ሳሙኤል ዎከር፥ ከሠሪው ጋር ተማክሮ ከቀድሞው የበረታ መሣሪያ እንዲወጣ አደረገ። በጥር ወር 1847 መንግሥት አንድ ሺሕ አዘዘ። ኮልት በዚያ ጊዜ የራሱ ፋብሪካ ስላልነበረው፥ ሽጉጡ የተሠራው በኮኔቲከት በሚገኘው በዊትኒ ፋብሪካ ነው። ለግል ገዢዎች ከተሠሩት መቶ ያህል ጋር ጠቅላላው 1,100 ያህል ብቻ ሆነ። ዎከር ራሱ በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር በሁዋማንትላ ጦርነት ላይ ወደቀ።

ሽጉጡ ስድስት ጎራሽ ሆኖ ሁለት ኪሎ ያህል ይመዝናል። ባሩዱ ብዙ፥ የዘመኑ ብረት ግን ደካማ ስለ ነበረ፥ ተሽከርካሪው ጎራሽ በተኳሹ እጅ ላይ የሚፈነዳበት ጊዜ ነበረ። እንግዲህ የዋጋው ነገር የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። አንዱ ክፍል ፈንድቶ በሌላ የተተካበት ሽጉጥ እንደ ሙሉ ይቈጠራልን? መልሱ የሚገኘው በብረቱ ላይ ከተቀረጸው ቍጥር ነው። ለጦሩ የታደሉት የየሻምበሉን ምልክት የሚያሳይ ፊደልና ተራ ቍጥር በየክፍላቸው ላይ አለባቸው፤ ዐዋቂ መርማሪም ቍጥሩ ከክፍል ክፍል መስማማቱን ይመለከታል። በጦር ሜዳ ሳለ የተለወጠ ክፍል የራሱ ታሪክ ነው፤ ገዢን ደስ ለማሰኘት ኋላ የተለወጠ ግን ማታለል ነው።

ከዚህም የሚብስ ጥፋት አለ። ባለቤቱ በቅንነት ዝገቱን ፍቆ፥ ብረቱን ወልውሎ፥ አዲስ ቀለም ሲቀባው፥ በጎራሹ ላይ የተቀረጸውን የፈረሰኞችና የኮማንቺዎች ውጊያ ሥዕል ከነቍጥሩ ያደበዝዘዋል። ሽጉጡ ያምራል፤ ምስክርነቱ ግን ይጠፋል። በኢጣሊያ የሚሠሩ አዳዲስ ቅጂዎች ባሉበት በዚህ ዘመን፥ ምስክር የሌለው ብረት ማንነቱን ማስረዳት ይቸግረዋል።

ምስክሩ ሳይጐድል የተገኘ ግን ምን ያህል እንደሚከበር በ2018 ታየ። አንድ የዴንማርክ የመርከብ አዛዥ ገዝቶት የነበረ፥ ከነሣጥኑና ከነመሣሪያው የቈየ የዎከር ሽጉጥ፥ በአሜሪካ በሐራጅ 1,840,000 ዶላር አወጣ። ገዢው የከፈለው ለሁለት ኪሎ ብረት አይደለም፤ ከሠሪው እጅ እስከ መጨረሻው ባለቤት ሳይበጠስ ለደረሰው ታሪክ ነው።

ስለዚህ የአባት መሣሪያ በቤቱ ያለ ሰው፥ ከመወልወሉ በፊት ቍጥሩን ይመዝግብ፥ ማን እንደ ታጠቀውም ይጻፍ እንላለን። የወለቀ ክፍል ሊተካ ይችላል፤ የተፋቀ ታሪክ ግን ተመልሶ አይጻፍም።