ሁለት መስመር ለሰብለ

እንግዲህ ስሙኝ። ወሩ ኅዳር ነው፤ ሮቢት ላይ ማሽላው ፍሬው ከብዶት አንገቱን ደፍቷል። ፀሐይ በዞብል ተራራ በኩል ብቅ ሳትል ወፉ ይመጣል። እኛም ወንጭፋችንን ይዘን ማማ ላይ ነን። ጓደኛዬ ቅኔ ቤት ገብቶ ሳይቀኝ የወጣ ነው። (እንዲህ ያለው ሰው ከመምህሩ ይልቅ ሕግ ያጠብቃል።)

ሌሊቱን ያነሣነው የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ነበር። መጽሐፉ የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው፤ እኛ ዘንድ ግን አስቀድሞ የደረሰው በሬዲዮ፣ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ነው።

«በል መልስ ስጠው» አለኝ።

«በስንት ገጽ?»

«በጉባኤ ቃና። ሁለት መስመር።»

አዲስ ነገር እንዳይመስላችሁ። ባለቅኔ ድሮም ለሌላው መጽሐፍ መልስ ሲሰጥ የኖረ ሰው ነው። ሚበዝኁ፣ ዘአምላኪየ፣ ክብር ይእቲ የሚባሉት የቅኔ ስሞች ከመዝሙረ ዳዊት ቃል የተወሰዱ ናቸው። ዳዊቱ ይባላል፣ ባለቅኔው ልኩንና ቤቱን ጠብቆ የራሱን ያስገባል። የትናንቱን ቅኔ ዛሬ መድገም ነውር ነው።

ጓደኛዬ ሕጉ አልበቃው ብሎ ጨመረበት፦ በአማርኛ ይሁን፤ የመጽሐፉ ሰዎች ስም አይጠራ፤ ሰሙም ከዚህ ማሳ አይውጣ። መጀመሪያ ተናደድሁ። ኋላ ግን ዓይኔን ወደ ማሳው ብመልስ፣ የመጽሐፉ ልጅ የሰብለ ስም ለካ እዚያው ቆሟል! ሰብል። ፍቅረኛዋ በዛብህ ደግሞ የስለት ልጅ ነው፤ ማጭዱም ስለት አለው። ሕጉ ጥብቅ ባይል ኖሮ ይህን መች አየው ነበር? ፀሐይዋ ስትሞቅ እንዲህ አልሁ፦

ሰብል ደርሶ ሳለ ገበሬው ቆመበት፣
እጁን ለማሳረፍ እየፈራ ስለት።

ሰሙ የደረሰ ማሽላና ማጭድ የፈራ ገበሬ ነው። ወርቁን እናንተው ታውቁታላችሁ።

ጓደኛዬ ዝም አለ። ወንጭፉን አዙሮ አንድ ጊዜ አስጮኸና «ጎደለ» አለኝ።

«ምኑ?»

«ፊታውራሪ መሸሻ የት አሉ? ልጁን የያዘው ስለቱ ብቻ ነው እንዴ? የአባቷስ ትውልድ ቆጠራ?»

እውነቱን ነው። ነገር ግን ፊታውራሪን የሚያህል ሰው በሁለት መስመር ውስጥ የት ይቀመጣል? እስከ ዛሬ አላገኘሁላቸውም። ዘአምላኪየ ሦስት ቤት አለው፤ እስቲ እናንተ ሞክሩት።