ዜና ዕፅዋት ዘጣና

የጣና ዳር ዕፅዋት በሁለት ቃል የላቲን ስም መጠራት የጀመሩት በአውሮፓ አቆጣጠር በ1753 ነው፤ ከዚህ በታች የሚጠሩት ወራትና ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። በዚያ ዓመት ስዊድናዊው ካርል ሊኔየስ ለእያንዳንዱ ዕፅ ሁለት ቃል ስም የሰጠበትን መጽሐፍ አወጣ። ታንኳ የሚታሰርበትን ደንገል ሲፐረስ ፓፒረስ፣ በዘጌ ጫካ ጥላ ሥር የሚበቅለውን ቡና ኮፊያ አረቢካ አለው። ሊኔየስ ጣናን አላየም፤ ቡናንም የዐረብ አገር ተክል አድርጎ ቆጠረው። መገኛው ኢትዮጵያ መሆኗ ከታወቀ በኋላ እንኳ ስሙ አልተለወጠም፤ በዕፅዋት ስም ሕግ ቀድሞ የተሰጠ ስም ትርጉሙ ስለ ተሳሳተ አይሻርምና።

ሕጉ ሌላም ነገር ያዛል። እያንዳንዱ ስም የሚታሰረው በአንድ ናሙና ነው። ቅጠሉና አበባው ተጨፍልቆ ይደርቃል፣ በወረቀት ላይ ይጣበቃል፣ ማን፣ የት፣ መቼ እንደ ለቀመው ይጻፍበታል። ይህ ናሙና ታይፕ ይባላል። በስሙ ላይ ክርክር ሲነሣ ዳኛው በሜዳ የቆመው ዛፍ ሳይሆን ይህ ወረቀት ነው። ከ1958 ወዲህ ታይፕ ያልተጠቀሰለት አዲስ ስም ተቀባይነት የለውም፤ ለቀደሙት ግን ሥዕልም ቢሆን ይበቃል። የጣና ዕፅዋት ታሪክ የተጠላለፈው በዚህ ነው፤ ዛፉ እዚህ፣ የስሙ ማሰሪያ ባሕር ማዶ።

በዳግማዊ አፄ ተክለ ሃይማኖት ዘመን፣ ራስ ሚካኤል ስሑል ሥልጣኑን በያዙበት ወራት፣ በየካቲት 1770 ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ጎንደር ገባ። ከእርሱም ጋር የቦሎኛ ሰው ሉዊጂ ባሉጋኒ ነበረ፤ የዕፅዋቱን ሥዕል የሣለው እርሱ ነው። በዚያው ዓመት በኅዳር ወደ ግሽ ዐባይ ወረዱ። ባሉጋኒ በ1771 ጎንደር ላይ ሞተ። ብሩስ ወደ አገሩ ተመልሶ በ1790 መጽሐፉን ሲያሳትም ሰውየው ወደ ግሽ ከመሄዱ በፊት እንደ ሞተ አድርጎ ጻፈ፤ የባሉጋኒ ማስታወሻ ግን አብሮ መሄዱን ይመሰክራል። ፍርድ የተጓደለበት የዚህ ሠዓሊ ሥራ ዛሬ በአሜሪካ በዬል ይገኛል።

ብሩስ ለኮሶ የወዳጁን የጆሴፍ ባንክስን ስም ሰጥቶ ባንክሲያ አቢሲኒካ አለው። ነገር ግን ባንክሲያ የሚለው ስም አስቀድሞ ለአውስትራሊያ ዕፅዋት ተሰጥቶ ኖሮ፣ ጀርመናዊው ግሜሊን በ1791 ሀጌኒያ ብሎ ለወጠው፤ ሀገን የኮኒግስበርግ ሊቅ ነበረ። በኋላም ኮሶው በመድኃኒትነት ቁስጥንጥንያ ደርሶ፣ ብራየር የሚባል ሐኪም ቁራጩን ወደ ፓሪስ ቢወስደው፣ ኩንት በ1824 አዲስ ዕፅ መስሎት ብሬየራ ብሎ ሰየመው። አንድ ዛፍ በሠላሳ አራት ዓመት ውስጥ የእንግሊዝ፣ የጀርመንና የፈረንሳይ ሰዎችን ስም ተሸከመ። የጸናው ሀጌኒያ አቢሲኒካ ነው።

ብሩስ ዋንዛን በልዩ ፍቅር ጽፎለታል። በጎንደር በየቤቱ ደጅ ሁለት ሦስት ዋንዛ ተተክሎ ስለ ነበር ከተማዪቱ ከሩቅ ዱር ትመስል እንደ ነበረ፣ ክረምቱ ሲወጣም በአንድ ሌሊት ነጭ አበባ ለብሳ እንደምታነጋ ይተርካል። ላማርክ በ1792 ይህንኑ የብሩስን ሥራ ይዞ ኮርዲያ አፍሪካና አለው። ተቅማጥ ይዞት በነበረ ጊዜ የፈወሰው ዋጊኖስ ደግሞ በራሱ በብሩስ ስም ብሩሲያ ተባለ። በዘጌ ጫካ የሚገኘው እሼም ብሩስ በሰጠው መጠሪያ ሚሙሶፕስ ኩመል ሆኖ ቀርቷል።

ከሁሉም የሚያስገርመው የእንሰት ነገር ነው። ብሩስ ዛሬ የደቡብ ተክል የሚባለውን እንሰት ከዐባይ ምዕራብ በሜጫ በብዛት አይቶት ነበር። ግሜሊን በ1791 ከሙዝ ጋር ደምሮ ሙሳ እንሰቴ አለው። በ1947 የዕፅዋት ሊቁ ቺዝማን ከሙዝ ለይቶ እንሰቴ የሚል የራሱን ወገን አጸናለት። ያን ጊዜ ሁለቱ ቃላት እንሰቴ እንሰቴ ሊሆኑ ነው፤ ይህን ደግሞ የዕፅዋት ሕግ ይከለክላል። ስለዚህ ቬልቪች በ1859 ከአንጎላ ለጻፈው ተክል የሰጠው ስም ተወስዶ እንሰቴ ቬንትሪኮሱም ተባለ፤ የኢትዮጵያ እንሰት ስም በአንጎላ ናሙና ታሰረ። ይህ ቺዝማን በ1920ዎቹ የዳንግላ ቆንስል ሆኖ ጣናን ከዞረው ከሮበርት ቺዝማን ጋር በስም ቢገናኝም ሌላ ሰው ነው።

ከብሩስ በኋላ የመጡት ለቃሚዎች ናቸው። የፍራንክፈርቱ ሩፔል በ1830ዎቹ መጀመሪያ ስሜንንና ጎንደርን አይቶ የሰበሰበውን ፍሬዜኒየስ ሰየመ፤ አንፋር ቡድሌያ ፖሊስታኪያ የተባለው በእርሱ ነው። በ1837 ጀርመናዊው ቪልሄልም ሺምፐር ኤስሊንገን ላለው ማኅበር ዕፅዋት ሊለቅም ገብቶ ሳይመለስ ቀረ። ደጃዝማች ውቤ እንጢጮን ሾሙት፤ በ1855 ውቤ በደረስጌ ድል ሲሆኑ ሹመቱን አጣ። በአፄ ቴዎድሮስ ጊዜ ከጣና ምሥራቅ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ተቀመጠ፣ በዚያም ለቀመ፤ በ1868 ከመቅደላ ወጥቶ በ1878 ዐድዋ ላይ ዐረፈ። የላከውን ብዙውን ሆክስቴተር ሰየመ። ይኸው ሆክስቴተር የጣና አሣ አጥማጆች ፍሬውን ወቅጠው አሣ የሚያደነዝዙበትን ብርብራ በአማርኛ ስሙ ቤሬቤራ ብሎ ወገን አቆመለት። የአገሩ ስም በላቲን ሊኖር ነበር፤ ግን በ1871 ቤከር ወደ ሚሌቲያ ወገን መለሰውና ሚሌቲያ ፈሩጊኒያ ሆነ።

በዚሁ ዘመን ፈረንሳውያኑ ኳርቲን ዲዮንና አንቷን ፕቲ ከለፌቭር ጉዞ ጋር መጡ። ዲዮን በቆላ ንዳድ ሞተ፤ ፕቲን በ1843 ዐባይን ሲሻገር አዞ ወሰደው። የለቀሙት ግን ፓሪስ ደርሶ፣ አሺል ሪሻር ከ1847 ጀምሮ የአቢሲኒያን ዕፅዋት መጽሐፍ አሳተመበት። ሳማ ኡርቲካ ሲሜንሲስ የሚለው ስሙ በዚህ መጽሐፍ ነው የወጣው።

በ1937፣ አገሪቱ በጠላት እጅ ሳለች፣ የጣሊያን ንጉሣዊ አካዳሚ በጆቶ ዳይኔሊ መሪነት ወደ ጣና ተልእኮ ላከ። የዕፅዋቱ ሥራ የሃያ አምስት ዓመቱ የሮዶልፎ ፒኪ ሰርሞሊ ነበር። ውጤቱ በ1951 ታተመ፣ ናሙናውም ፍሎረንስ ተቀመጠ። ስለ ሐይቁ ዳር ዕፅዋት በዝርዝር የተጻፈ የመጀመሪያው ሰፊ ሥራ ይህ ነው፤ የወረራ ፍሬ መሆኑ ዋጋውን አይቀንሰውም፣ ዋጋውም ወረራውን አያነጻውም።

በሩቅ መቀመጥ ደኅንነት አልሆነም። መጋቢት 1 ቀን 1943 ሌሊት በርሊን በቦምብ ስትመታ የዳሌም ሄርባሪየም (የደረቁ ዕፅዋት ማከማቻ) ተቃጠለ፤ የሺምፐርም ናሙናዎች ከነደዱት ውስጥ ነበሩ። ስሞቹን ያዳናቸው የሺምፐር ልማድ ነው፤ አንዱን ዕፅ ደጋግሞ ለቅሞ ለብዙ ከተሞች ይሸጥ ስለ ነበር፣ ሊቃውንቱ በፓሪስና በለንደን ከተረፉት መንታዎች መርጠው ለብዙዎቹ ስሞች ምትክ ታይፕ አቆሙ።

በ1959 በአዲስ አበባ ብሔራዊ ሄርባሪየም ተቋቋመ። በ1980 ከስዊድኑ ኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ጋር የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት መጽሐፍ ሥራ ተጀመረ፤ ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር፣ ኢንጋ ሄድበርግና ሰብስቤ ደምሰው ከመሩት መካከል ናቸው። በ2009 ሲፈጸም ወደ 6000 የሚጠጉ ዝርያዎች ተመዝግበው ነበር፤ ከዐሥሩ አንድ ያህሉ በሌላ አገር የማይገኝ ነው። በዚህ ሥራ ዘመን ከላቲኑ ስም ቀጥሎ የኢትዮጵያውያን ስም መጻፍ ጀመረ። አደይ አበባ ከሚባሉት አንዱ ቢደንስ ማክሮፕቴራ ሲጻፍ መስፍን ይከተለዋል፤ ወደ ቢደንስ ወገን ያዛወረው መስፍን ታደሰ ነውና። በ1997 ጊልበርትና ሰብስቤ የሰየሙት አሎ ፑልኬሪማ የተባለ እሬትም በጎጃምና በጎንደር ገደል ይበቅላል።

የስም መለዋወጡ ዛሬም አልቀረም፤ በ2011 በጣና ላይ እምቦጭ የተባለው የውኃ አረም ታየ። ሊቃውንቱ ኤይኮርኒያ ክራሲፔስ ይሉት ነበር፤ በ2018 ማርቲየስ በ1823 ከብራዚል ጽፎ ወዳወጣለት ስም ወደ ፖንቴዴሪያ ክራሲፔስ መለሱት።